ጥበብ የእውነት አገልጋይ ናት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



የዛሬው ትምህርታችን ሥነ ጥበብና ፍልስፍና ከእውነት ጋር ስላላቸው ዝምድና ነው። ነገሩ ለሊቃውንት ብቻ የሚነገር፥ ለሌላው ምእመን ግን የማያስፈልግ የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። ዳሩ ግን እንዲህ አይደለም። በቤቱ ግድግዳ የእመቤታችንን ሥዕል ሰቅሎ ማታ ማታ በፊቱ ቆሞ የሚጸልይ ሰው ሁሉ ከሥነ ጥበብ ጋር ተገናኝቷል። ልጁ «አባባ፥ ይህ እውነት መሆኑ በምን ይታወቃል?» ብሎ የጠየቀው አባት ሁሉ ከፍልስፍና ጋር ተገናኝቷል። ስለዚህ ሁለቱ ከእውነት ጋር እንዴት እንደሚዛመዱ ማወቅ ለሁላችንም ይጠቅማል።

አስቀድመን ቃላቱን እንተርጕም። ሥነ ጥበብ ስንል ሰው በእጁ፥ በድምፁና በቃሉ መልክ እየሰጠ የሚያበጀውን መልካም ሥራ ሁሉ ማለታችን ነው፤ ሥዕሉ፥ ዜማው፥ ቅኔው፥ የሕንጻው ቅርጽ፥ የመስቀሉ ሐረግ ሁሉ በዚህ ውስጥ ነው። ፍልስፍና ደግሞ ከጽርእ ቋንቋ የመጣ ስም ሲሆን ትርጓሜው ፍቅረ ጥበብ ማለት ነው፤ ሥራውም መመርመር፥ ማመዛዘን፥ ምክንያትን መጠየቅ ነው። እውነት በሰዎች አነጋገር የቃልና የነገር መስማማት ነው፤ የሆነውን ሆነ፥ ያልሆነውን አልሆነም ማለት ነው። ለክርስቲያን ግን ከዚህም ይበልጣል። ጌታችን መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ እውነትን ያስተማረ ብቻ አይደለም፤ እውነት እርሱ ራሱ መሆኑን ለሐዋርያቱ የገለጠላቸው ነው እንጂ።

ስለዚህም የጲላጦስ ነገር ያሳዝናል። ጲላጦስ እውነት ምን እንደ ሆነች ጌታችንን ጠየቀ፤ ጥያቄው የፈላስፋ ጥያቄ ነበረ፤ በመጠየቁም አይነቀፍም። የሚነቀፈው መልሱን ሳይጠብቅ ወደ ውጭ በመውጣቱ ነው። እውነት ራሱ ታስሮ በፊቱ ቆሞ ሳለ እርሱ ሕዝቡ የሚለውን ለመስማት ሄደ። እንግዲህ ከዚህ የምንማረው መመርመር መልካም መሆኑን፥ ነገር ግን መርምሮ ያገኙትን ለመቀበል ልብ ካልተዘጋጀ ምርመራው ሁሉ ከንቱ መሆኑን ነው።

ከጌታችን ልደት አራት መቶ ዓመት ገደማ አስቀድሞ የነበረው የግሪክ ፈላስፋ አፍላጦን በመልካም ሥርዓት በምትተዳደር ከተማ ውስጥ ባለቅኔዎችና ሠዓሊዎች ስለሚያመጡት ጉዳት ብዙ ተጨንቆ ጽፏል። ሠዓሊው የሚሥለው የነገሩን ጥላ ነው እንጂ ነገሩን አይደለም፤ ባለቅኔውም ውበት ባለው ቃል ሐሰትን ሊያስወድድ ይችላል ብሎ ፈርቷል። ፍርሃቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን ቅዱሳት መጻሕፍት ከአፍላጦን ይልቅ የጠለቀ መልስ ይሰጡናል፤ ይኸውም ሥነ ጥበብን ከከተማ ማስወጣት ሳይሆን ጌታዋ ማን እንደ ሆነ ማሳወቅ ነው።

ኦሪት ዘፀአትን ስናነብ እግዚአብሔር ባስልኤልን በስሙ እንደ ጠራው፥ በወርቅና በብር፥ በድንጋይና በእንጨት ይሠራ ዘንድ በመንፈስ እንደ ሞላው እናገኛለን። የእጅ ሥራ ጥበብ የእግዚአብሔር ስጦታ መሆኑ በዚህ ይታወቃል። ይህንም ካነበብን በኋላ ወደሚቀጥለው ምዕራፍ ስንሻገር የወርቁን ጥጃ እናገኛለን። ሕዝቡ ያው አንድ ሕዝብ ነው፤ ወርቁም ከጆሮአቸው የወለቀ ያው ወርቅ ነው። ነገር ግን አንደኛው ሥራ ሰውን ወደ እግዚአብሔር የሚያደርስ ድንኳን ሆነ፤ ሁለተኛው ግን ሰውን ከእግዚአብሔር የሚለይ ጣዖት ሆነ። ልዩነቱ በወርቁ ወይም በሠሪው ብልሃት አልነበረም። ልዩነቱ አንደኛው እግዚአብሔር ለገለጠው እውነት ሲያገለግል ሁለተኛው የሰውን ምኞት ማገልገሉ ነው።

ከዚህ የሚጠብቅ ሌላ ታሪክ ደግሞ አለ። ሙሴ በምድረ በዳ በእግዚአብሔር ትእዛዝ የናስ እባብ ሠርቶ ሰቀለ፤ ያየውም ሁሉ ከመርዝ ዳነ። ጌታችንም የራሱን ስቅለት በዚያ ምሳሌ አስረድቶበታል። ይህ ምስል በትእዛዝ የተሠራ፥ ፈውስም የተገኘበት ነበረ። ነገር ግን ብዙ ዘመን ካለፈ በኋላ ሕዝቡ ምሳሌነቱን ረስተው ለናሱ ማጠን ስለ ጀመሩ ንጉሡ ሕዝቅያስ ሰባበረው፤ ስለዚህም ተመሰገነ። እንግዲህ እውነተኛው ምስል እንኳ ከራሱ አልፎ የሚያመለክተው ነገር ከተረሳ ሐሰት ይሆናል ማለት ነው።

ምእመናን ሆይ፤ ምሳሌውን ሁሉ ከሩቅ አገር ብቻ አናምጣው። በአገራችን ይህ ነገር በሥራ የተፈተነበት ስፍራ አለ። ከደብረ ብርሃን በስተ ሰሜን፥ በጥንቱ ተጉለት ምድር፥ ሰላ ድንጋይ የምትባለው ከተማ ትገኛለች። የሸዋው ንጉሥ የሣህለ ሥላሴ እናት ወይዘሮ ዘነበ ወርቅ መቀመጫቸውን ያደረጉባት ስለ ሆነች በታሪክ ትታወቃለች። ከርሷም አጠገብ ከየአውራጃው የሚመጡ ምእመናን ለጠበልና ለጸሎት የሚሳለሙት የጻድቃኔ ማርያም ገዳም አለ። ብዙዎቻችሁ በእግራችሁ ሄዳችሁ ተሳልማችሁታል። ምእመናን ይህን ገዳም ደብረ ምጥማቅ ጻድቃኔ ማርያም እያሉ ይጠሩታል፤ ስሙም ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡትን ዐፄ ዘርአ ያዕቆብን ያስታውሰናል።

ስንክሳራችን በግንቦት 21 ቀን እንደሚያስታውሰን እመቤታችን በግብጽ አገር በደብረ ምጥማቅ በብርሃን ተገልጣ ትታይ ነበር፤ ክርስቲያኑም እስላሙም ያያት ነበር። ያ ደብር መፍረሱን ዐፄ ዘርአ ያዕቆብ በሰሙ ጊዜ እጅግ አዘኑ፤ በተጉለትም ቤተ ክርስቲያን አሠርተው በዚያው ስም ደብረ ምጥማቅ ብለው ሰየሙት። በሩቅ አገር የፈረሰው በዚህ አገር ስሙ እንዲቆም አደረጉ።

በዚህም ደብረ ምጥማቅ በ1442 ዓ.ም. ታላቅ ጉባኤ ተደረገ። በዚያን ጊዜ የአባ ኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት ቀዳሚት ሰንበትና እሑድ ሁለቱም ይከበሩ ስለሚሉ፥ ሌሎችም ይህን ስለማይቀበሉ፥ ቤተ ክርስቲያን አንድ መቶ ዓመት ያህል በክርክር ታውካ ነበር። ከእስክንድርያ የመጡት ሁለቱ ጳጳሳት አባ ሚካኤልና አባ ገብርኤል፥ ንጉሡና መነኮሳቱ በአንድነት ተቀምጠው መጻሕፍትን እየጠቀሱ ተነጋገሩ። በመጨረሻም ሁለቱ ሰንበታት እንዲከበሩ ተስማሙ፤ የኤዎስጣቴዎስም ልጆች ከጳጳሳቱ ክህነት ለመቀበል ፈቀዱ፤ ቤተ ክርስቲያንም ከዚያ መለያየት ዳነች። ይህን የመሰለው ጉባኤ የፍልስፍና መልካም ሥራ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። መስማት፥ መጠየቅ፥ ምክንያትን ከመጽሐፍ ጋር ማመሳከር፥ ከዚያም የተገኘውን እውነት ማንም ተሸናፊ ሳይባል መቀበል ነውና።

በዚሁ ንጉሥ ዘመን ሥነ ጥበብም ከፍ ከፍ ብሎ ነበር። ንጉሡ የእመቤታችን ተአምር በቤተ ክርስቲያን እንዲነበብ፥ ሠላሳ ሦስቱ በዓላቷም እንዲከበሩ አዘዙ፤ እርሳቸውም መጽሐፈ ብርሃንንና ሌሎችን መጻሕፍት ደረሱ። በጣና ሐይቅ በደጋ እስጢፋኖስ ገዳም የሚገኘው የእመቤታችን ሥዕል የዚያ ዘመን ሥራ ነው፤ ሠዓሊው ፍሬ ጽዮን መሆኑም በላዩ ተጽፎበታል። እመቤታችን ልጇን ታቅፋ መላእክት በግራና በቀኝ ቆመው ይታያሉ። ያን ሥዕል የሚያይ ሰው የእንጨቱን ገበታና የቀለሙን ዓይነት ሲያደንቅ አይቆይም፤ ልቡ ወዲያው ሰው ወደ ሆነው አምላክና ወደ እናቱ ይሄዳል። ታላቁ ባስልዮስም ለሥዕል የሚሰጠው ክብር ወደ ባለ ሥዕሉ እንደሚያልፍ አስተምሯል። የመልካም ሥዕል ምልክቱ ይህ ነው፤ ዓይንን በራሱ ላይ አያስቀርም።

እስከዚህ ድረስ የሰማነው ደስ የሚያሰኝ ነው። ዳሩ ግን እውነትን ርእስ አድርጎ የሚናገር ሰው ደስ የሚያሰኘውን ብቻ መርጦ ሊናገር አይገባውም። በዚሁ ዘመን አባ እስጢፋኖስ የሚባሉ መነኩሴና ደቀ መዛሙርታቸው ተነሥተው ነበር። እነርሱ ስግደት ለአብ፥ ለወልድና ለመንፈስ ቅዱስ ብቻ ይገባል ሲሉ ለንጉሡም አንሰግድም አሉ። ለእመቤታችን ሥዕልና ለመስቀሉ አይሰግዱም ተብለውም ተከሰሱ። የሰንበት ክርክር በጉባኤ ተፈጸመ፤ ይህ ክርክር ግን በእስራት፥ በግርፋትና በሞት ቅጣት ነበር የተያዘው። አባ እስጢፋኖስ በእስር ቤት ሞቱ፤ ከልጆቻቸውም ብዙዎቹ መከራን ተቀበሉ። ይህን ታሪክ የእነርሱ ገድሎች ጽፈው ያቆዩልን ሲሆን በኋላ ዘመን ሊቃውንቱ፥ ይልቁንም ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ፥ በአማርኛ ተርጕመው አስነብበውናል።

እኛ ዛሬ በዚያ ነገር ንጉሡን ለመክሰስ ወይም መነኮሳቱን ለመክሰስ አልተነሣንም። የቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት የታወቀ ነው፤ የአምልኮ ስግደት ለእግዚአብሔር ብቻ ይቀርባል፤ ለእመቤታችን፥ ለቅዱሳንና ለመስቀሉ የሚቀርበው ግን የአክብሮት ስግደት ነው። ይህን ልዩነት በትዕግሥት ማስተማር ይቻላል። በጅራፍ ግን ማስተማር አይቻልም። ሰው በጅራፍ ጕልበቱን ያጥፍ ይሆናል፤ ልቡ ግን ባልሰገደበት ስግደት ቅንጣት እውነት የለችም። ሰውየው ይዋሽ ዘንድ ተገደደ እንጂ ያምን ዘንድ አልተማረም። በፍቅር የተሣለው ሥዕል እንኳ በእጅ ላይ እንደ ሰይፍ ሲያዝ ከተልእኮው ይወጣል።

ነገሩን ሁሉ የሚያስደንቅ የሚያደርገው ግን ከዚህ በኋላ የሆነው ነው። የአባ እስጢፋኖስ ልጆች በትግራይ በጉንዳ ጉንዴ ገዳም ተቀመጡ። በዚያም መጻሕፍትን ሲጽፉና ሲያስጌጡ ኖሩ። የጉንዳ ጉንዴ የብራና ሥዕሎች ዛሬ ከኢትዮጵያ ሥዕሎች ሁሉ ውስጥ እጅግ ከተመሰገኑት ይቈጠራሉ። በእነዚያ ብራናዎች ላይ ማን ተሥላለች? እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ተሥላለች። ሥዕሏን አያከብሩም ተብለው የተቀጡ ሰዎች ልጆች፥ ማንም ሳያስገድዳቸው፥ በቀጭን ብርዕና በትዕግሥት የእመቤታችንን መልክ አሳመሩ። ጉንዳ ጉንዴም በዘመናት ውስጥ ከእናት ቤተ ክርስቲያን ጋር አንድ ሆኖ እስከ ዛሬ አለ። ጅራፍ ያላደረገውን ጊዜና ፍቅር አደረጉት። የንጉሡ ሠዓሊ የሣላት እመቤትና የተሰደዱት መነኮሳት የሣሏት እመቤት አንዲት ናት፤ እውነት በሁለቱም ወገን አልፋ ወጣች።

እንግዲህ በሥነ ጥበብ፥ በፍልስፍናና በእውነት መካከል ያለው ሥርዓት ምንድር ነው? አባቶቻችን ይህን በሰምና ወርቅ አስተምረውናል። አንጥረኛው አስቀድሞ በሰም የሚፈልገውን መልክ ያበጃል፤ ሰሙን በጭቃ ይለብጠዋል፤ ከዚያም እሳት ያገባበታል። ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በለቀቀው ስፍራ ወርቁ ይፈስሳል። በዋሸራም ሆነ በጎንጅ በቅኔ ቤት የተቀመጠ ተማሪ ሁሉ ይህን ያውቃል። ሥነ ጥበብ ሰሙ ነው፤ ለማይታየው ነገር የሚታይ መልክ ይሰጣል። ፍልስፍና እሳቱ ነው፤ የሚቀልጠውን ከማይቀልጠው ይለያል። እውነት ወርቁ ነው። ሰሙ ክፉ ሆኖ ከተበጀ ወርቁ መልክ ያጣል፤ ስለዚህ ሥራን በቸልታ መሥራት አይገባም። እሳቱ ከጠፋ ሰሙ ስፍራውን አይለቅም፤ ሰውም ሰሙን ወርቅ ነው ብሎ ይሸጣል። ወርቅ ሳይኖረው እሳት ብቻ የሚያነድድም ሰው ሁሉን አቅልጦ በባዶ ቅርጽ ይቀራል።

አባቶቻችን ምርመራን አልፈሩም። ፊሳልጎስ የተባለው መጽሐፍ በአክሱም ዘመን ከጽርእ ወደ ግእዝ ተተርጕሟል፤ በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያም አባ ሚካኤል የተባሉ ሊቅ መጽሐፈ ፈላስፋ ጠቢባንን ከዐረብኛ ወደ ግእዝ መልሰዋል። በዚህ መጽሐፍ ሶቅራጥስ፥ አፍላጦንና አርስጣጣሊስ ከጠቢቡ ሰሎሞን ጋር በአንድ ገበታ እንደ ተቀመጡ ያህል ይነጋገራሉ። ቅዱስ ጳውሎስም በአቴና ከፈላስፎቹ አልሸሸም፤ ለማይታወቅ አምላክ ካቆሙት መሠዊያ ተነሥቶ የማያውቁትን አሳወቃቸው እንጂ። ያው ሐዋርያ ለቈላስይስ ሰዎች ሲጽፍ ከከንቱ ፍልስፍና እንዲጠበቁ አስጠንቅቋል። ሁለቱ ቃል አይጣላም፤ እውነትን ለማግኘት የሚመረምርን ተቀበለ፥ ከእውነት ለመሸሽ የሚመረምርን ገሠጸ።

ይህ ትምህርት ወደ ኑሮአችን እንዲገባ ሦስት ነገሮችን እናስተውል።

አንደኛ፤ ሥዕል የምትሥሉ፥ መዝሙር የምትደርሱ፥ ቃል የምታቀነባብሩ ሁሉ፥ ሥራችሁን ስትጨርሱ እንዲህ ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ፤ ይህን ያየ ወይም የሰማ ሰው ከእኔ አልፎ ይሄዳልን? ወይስ በእኔ ላይ ይቀራል? ዜማው ሲያልቅ የሚታወሰው የዘማሪው ስም ብቻ ከሆነ ሰሙ አልቀለጠም።

ሁለተኛ፤ በትምህርት ቤት ፍልስፍናን የምትማሩ ወጣቶች፥ መጠየቅን አታቁሙ። ወላጆችና መምህራንም የልጅን ጥያቄ በቍጣ አንዝጋው፤ ጥያቄውን ያፈኑበት ልጅ አምኖ አይቀመጥም፥ ዝም ብሎ ይርቃል እንጂ። የደብረ ምጥማቅ አባቶች የመቶ ዓመት ክርክር ተቀምጠው ከሰሙ እኛ የአንድ ማታ ጥያቄ መስማት እንዴት ያቅተናል? ወጣቶችም ጲላጦስን አትምሰሉ፤ ጠይቃችሁ መልሱ ሳይነገር አትውጡ።

ሦስተኛውና ለሁላችን የሚነገረው ይህ ነው። ወደ ጻድቃኔ ማርያምም ሆነ ወደ ሌላ ቅዱስ ስፍራ ሄደን ስንመለስ ያየነውንና የተደረገልንን እንመስክር፤ ምስክርነት በጎ ነው። ነገር ግን ያላየነውን አንጨምር። አንዳንድ ሰው ለእመቤታችን ክብር የሚጨምር መስሎት አንዱን ሁለት፥ ጥቂቱን ብዙ አድርጎ ያወራል። እመቤታችን ግን እውነትን የወለደች ናት፤ በሐሰት ልትከበር አትሻም። ሐሰቱ የተገለጠ ዕለት ሰሚው ሐሰቱን ብቻ ሳይሆን እውነተኛውንም ተአምር ይጠራጠራል። በዘመናችን ይልቁንም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ያልሆነውን እንደ ሆነ፥ ሰው ያልተናገረውን እንደ ተናገረ አድርጎ የሚያሳይ ሥዕልና ድምፅ ዛሬ በኮምፒዩተር በጥቂት ደቂቃ ይሠራል፤ በስልክም ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። መስቀል ወይም የቅዱሳን መልክ ስላለበት ብቻ እውነት ነው ብለን ለጎረቤታችን አናስተላልፍ። እንመርምር፥ እንጠይቅ፥ ካላወቅን እንተወው። ይህ የእምነት ማነስ አይደለም፤ እውነት የሆነውን ጌታ ማክበር ነው።

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ ሥዕል ያልፋል፥ ብራናም ይበላሻል፥ የፈላስፎችም ክርክር ከዘመን ወደ ዘመን ይለዋወጣል። በተጉለት ተራሮች ላይ የተሰበሰቡት ነገሥታትና ጳጳሳት፥ በጉንዳ ጉንዴ ብርዕ የያዙት መነኮሳት ሁሉም ወደማይቀረው ሄደዋል። የማያልፈው ሁሉም የፈለጉት ነው። እርሱን በጥበባችን እናገልግለው፥ በምርመራችን እንፈልገው፥ በፍቅርም እንያዘው።

እውነትን በመልካም ሥራና በቅን ምርመራ እንድናገለግል እግዚአብሔር አምላካችን ይርዳን፤ የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት፥ የቅዱሳንም ሁሉ ጸሎት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፥ ወለወላዲቱ ድንግል፥ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።